ልጄ የቫዮሊን ፎርም ይዛ መጣች፤ ትምህርት ቤቱ ነፃ አይደል እንዴ?

ብዙ ጊዜ መስከረም ላይ ነው የሚመጣው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከቦርሳው የተጨማደደ ወረቀት ያወጣል፣ ወይም ስልካችን ላይ ኢሜይል ይገባል። "ልጅዎ የሙዚቃ መሣሪያ መማር ይፈልጋል?" ይላል። ከሥሩ ቫዮሊን፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ክላሪኔት፣ ከበሮ ተዘርዝሯል። ጎን ጎኑን ደግሞ ዋጋው በፓውንድ ተቀምጧል።

እዚህ እንግሊዝ አገር ልጅ የምናሳድግ ሐበሾች ይህ ወረቀት ሲደርሰን ግራ ይገባናል። አንዳንዶቻችን ግዴታ ይመስለናል። አገር ቤት ትምህርት ነፃ ነው እየተባለ የወላጅ መዋጮ ሲጠየቅ ከፍለን አድገናል፤ ትምህርት ቤት ገንዘብ አምጡ ካለ ይከፈላል፣ አለቀ። ሌሎቻችን ደግሞ "ይሄ የሀብታም ልጆች ነገር ነው" ብለን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን። ልጁም ሁለተኛ አያነሳውም።

እኔም የመጀመሪያውን ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከከተቱት ነኝ። በኋላ ነገሩን ሳጣራ ግን ሕጉ ከጠበቅኩት በላይ ዝርዝር ያለው ሆኖ አገኘሁት። ለወላጅ የሚጠቅም ብዙ ነገር አለው፣ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይነግርህም። ስለዚህ እዚህ ላስቀምጠው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ከሙዚቃ ትምህርት ውስጥ ነፃ ያልሆነው የቱ ነው?

በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ "የሙዚቃ ትምህርት" የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ክፍሉ በሙሉ የሚማረው ነው። እንደ ሒሳብና ሳይንስ በፕሮግራም ውስጥ ያለ ትምህርት ነው። ልጆቹ ይዘምራሉ፣ ምት ይማራሉ፣ ኖታ ያያሉ። ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ሙዚቃ በእንግሊዝ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አለ። በዚህ ላይ ማንም አንድ ሳንቲም ሊያስከፍል አይችልም።

ሁለተኛው ልጁ ለብቻው ወይም ከጥቂት ልጆች ጋር አንድ መሣሪያ የሚማርበት ነው። ከውጭ የሚመጣ መምህር አለ። ልጁን ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ከክፍል ያስወጣዋል፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያስተምረዋል፣ ይመልሰዋል። ልጁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዳያመልጠው ብዙ ቦታ ሰዓቱን በየሳምንቱ ያቀያይሩታል። ፎርሙ የሚያወራው ስለዚህኛው ነው።

ለአገራችን ሰው በታክሲ ባስረዳው ይቀላል። የክፍሉ ሙዚቃ ሁሉም የሚሳፈርበት አውቶቡስ ነው፣ መንግሥት ከፍሎበታል። የግል የመሣሪያ ትምህርት ደግሞ ኮንትራት ታክሲ ነው፤ አንተ ጠርተኸው፣ ላንተ ብሎ የመጣ። ሕጉም በመሠረቱ የሚያስበው እንዲህ ነው። ታሪኩ ግን ትንሽ ጠመዝማዛ ነው።

ሕጉ መስመሩን የት አሰመረ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ እንግሊዝና ዌልስ ትልቅ የትምህርት ሕግ አወጡ። ሕጉ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚሰጥ ትምህርት ክፍያ መጠየቅን ከለከለ። ያኔ ስለ ቫዮሊን ለይቶ ያሰበ ያለ አይመስልም። ብዙ ካውንስሎች፣ ማለትም የየአካባቢው አስተዳደሮች፣ በኋላ መምህራን ቀጥረው ልጆችን መሣሪያ በነፃ ሲያስተምሩ ኖሩ።

ከዚያ በጀት ጠበበ። ሄሬፎርድና ዉስተር የሚባለው ካውንስል ለመሣሪያ ትምህርት ማስከፈል ጀመረ። አንድ ወላጅ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1981 ፍርድ ቤቱ ለወላጁ ፈረደ፦ ትምህርቱ የሚሰጠው በትምህርት ቤቱ ሥር እስከሆነ ድረስ ትምህርት ነው፣ ትምህርት ደግሞ ነፃ ነው አለ። የኮንትራት ታክሲውም አውቶቡስ ነው እንደማለት።

ድሉ ሰባት ዓመት ቆየ። በ1988 ፓርላማው አዲስ ሕግ አወጣና ልዩ በር ከፈተ። መሣሪያ ለአንድ ልጅ ለብቻው፣ ወይም ከአራት ለማይበልጡ ልጆች በቡድን ሲሰጥ ማስከፈል ተፈቀደ። አምስት ከሆኑ አይቻልም። መዝሙርም አይቻልም፣ ምክንያቱም ሕጉ የሚለው ስለ መሣሪያ ነበር። ይኸው ድንጋጌ በ1996ቱ የትምህርት ሕግ ውስጥ ገብቶ ቀጠለ።

ከመስከረም 2007 ጀምሮ ደግሞ መስመሩ ቦታ ቀየረ። የአራት ልጅ ገደብ ተነሣ። የድምፅ ትምህርትም ተጨመረ። አሁን የሚጠየቀው "ስንት ልጆች ናቸው?" ሳይሆን "ማን ጠየቀ?" የሚለው ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው በወላጅ ጥያቄ ከሆነ ማስከፈል ይቻላል፣ ቡድኑ የፈለገውን ያህል ቢሆን። ታክሲው ውስጥ ስንት ሰው እንደተሳፈረ መቁጠር ቀርቶ ታክሲውን የጠራው ማን እንደሆነ ማየት ሆነ።

ፎርሙ ላይ የምትፈርመው ፊርማ ዋናው ነገር የሆነው ለዚህ ነው። ፊርማህ "እኔ ጠይቄያለሁ" የሚል የሕግ ትርጉም አለው። ካልፈረምክ ማንም ሊያስከፍልህ አይችልም። ልጅህም ከዋናው ትምህርት ምንም አይቀርበትም።

የማይከፈልበት መቼ ነው?

ወላጅ ቢጠይቅም እንኳ ሕጉ የዘጋቸው በሮች አሉ።

የብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርቱ አካል ከሆነ አይከፈልም። ብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል በሙሉ ዩኩሌሌ ወይም ትራምፔት ይዞ የሚማርበት ፕሮግራም አላቸው። ልጅ መሣሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የሚነካበት ነው። ይሄ ነፃ ነው። ልጅህ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ጋር ዩኩሌሌ እየተማረ ሂሳብ ከመጣብህ ጠይቅ።

ልጁ የሚዘጋጅበት የሕዝብ ፈተና የሚጠይቀው ትምህርትም አይከፈልበትም። እዚህ ላይ ግን ጭቅጭቅ አለ። ጂሲኤስኢ ልጆች በ16 ዓመታቸው ገደማ የሚወስዱት አገር አቀፍ ፈተና ነው። የጂሲኤስኢ ሙዚቃ ከመቶው 30 የሚታሰበው በመጫወትና በመዝፈን ነው። ወላጅ "እንግዲያው የመሣሪያ ትምህርቱ የፈተናው አካል ነው" ይላል። ትምህርት ቤት ደግሞ "ፈተናው መጫወት ይጠይቃል እንጂ የግል መምህር አይጠይቅም" ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ አሠራሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። አንዳንዱ ሙዚቃን ለጂሲኤስኢ ለመረጠ ልጅ የግል ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ግማሹን ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ምንም የለውም። ልጅህ ሙዚቃ ሊመርጥ ካሰበ ይህን ከምርጫው በፊት ጠይቅ። ግሬድ 1፣ ግሬድ 2 እያሉ የሚሄዱት የመሣሪያ ፈተናዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፣ ይከፈልባቸዋል።

ሦስተኛው በር ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው። በካውንስል እንክብካቤ ሥር ያለ ልጅ ይህን ክፍያ አይጠየቅም። ብቻቸውን ተሰደው መጥተው ከአሳዳጊ ቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ታዳጊዎች አሉ፤ በካውንስሉ እንክብካቤ ሥር እስካሉ ድረስ መብቱ የእነሱም ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንዲህ ያለ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩት። ክራር ወይም ኪቦርድ ሲነካ የዋለ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ማን ያውቃል።

ትምህርት ቤቱ "አካዳሚ" ከሆነስ?

ይሄ ስም ብዙ ሐበሻ ያሳስታል። አገር ቤት አካዳሚ ስንል በክፍያ የሚማሩበትን የግል ትምህርት ቤት ነው የምናስበው። እንግሊዝ ውስጥ አካዳሚ ማለት ገንዘቡን በቀጥታ ከማዕከላዊው መንግሥት የሚያገኝ፣ ከካውንስል አስተዳደር የወጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ልጅ በነፃ ይማርበታል። ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርቱን ቃል በቃል የመከተል ግዴታ ባይኖርበትም፣ በክፍያ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር በገባው ውል መሠረት በዚሁ ሕግ ይገዛል። "እኛ አካዳሚ ስለሆንን እናስከፍላለን" የሚል መልስ አይሠራም።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

አብዛኛው ለመምህሩ ነው። እነዚህ መምህራን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ ናቸው። ብዙዎቹ ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፣ ባስተማሩበት ሰዓት ልክ ነው የሚከፈላቸው። ሕጉ ትምህርት ቤቱን ከወጪው በላይ እንዳያስከፍል ያስገድደዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ እያተረፈ ነው ብሎ መናደድ ቦታው አይደለም።

ለወላጅ ግን ሂሳቡ ይከብዳል። ለምሳሌ ያህል አንድ የግማሽ ሰዓት ትምህርት 15 ፓውንድ ነው እንበል። በዓመት 30 ሳምንት ቢማር 450 ፓውንድ ይመጣል። ሁለት ልጅ ካለህ 900። ያው አገር ቤት የምትልከው አለ፣ የቤት ኪራይ አለ።

መንግሥት ምንም አያዋጣም ማለት አይደለም። ከ2012 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የሙዚቃ ሃብ የሚባሉ የትብብር ማዕከሎች አሉ። በየአካባቢው ትምህርት ቤቶችን፣ የሙዚቃ መምህራንንና መሣሪያ የሚያከራዩ አካላትን ያገናኛሉ። የመንግሥት ድጎማው በዓመት ወደ 76 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ያስደነግጣል፣ ግን በአገሩ ላለው በሚሊዮን የሚቆጠር ተማሪ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ፓውንድ ነው። በ2024 ደግሞ 116 የነበሩት ሃቦች ተጨፍልቀው 43 ሆኑ። የጎደለውን የሚሞላው የወላጅ ኪስ ነው።

የቅናሽ መብት አለኝ?

ትምህርት ቤት ማስከፈል የሚችለው መጀመሪያ የክፍያና የቅናሽ ደንብ በጽሑፍ ካወጣ ብቻ ነው። ደንቡ ብዙ ጊዜ ድረ ገጻቸው ላይ አለ። "ቻርጂንግ ኤንድ ረሚሽንስ ፖሊሲ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ስሙ ይኸው ነው።

ለሙዚቃ ቅናሹ ምን ያህል ይሁን፣ ለማን ይሁን የሚለውን ግን ሕጉ ለትምህርት ቤቱ ትቶታል። አንዱ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ለሚያገኝ ቤተሰብ ግማሹን ይቀንሳል። ሌላው ነፃ ምሳ ለሚያገኝ ልጅ ሙሉውን ይሸፍናል። ሌላው ምንም የለውም።

እዚህ ላይ ለንደን ያላችሁ ልብ በሉ። ከ2023 መስከረም ጀምሮ ለንደን ውስጥ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሁሉ ገቢው ሳይታይ ምሳ በነፃ ይበላል። በመላው እንግሊዝም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ልጆች እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ወላጅ "ምሳው ነፃ ነው፣ ምን አስመዘገበኝ" ብሎ በገቢ የሚሰጠውን የነፃ ምሳ ማመልከቻ ሳይሞላ ይቀራል። ችግሩ የሙዚቃ ቅናሹ ብዙ ጊዜ የታሰረው ከዚያ ምዝገባ ጋር ነው። ትምህርት ቤቱም ፑፒል ፕሪሚየም የሚባለውን ተጨማሪ በጀት የሚያገኘው በተመዘገቡት ልጆች ቁጥር ነው። ምሳው ባያስፈልግህም ተመዝገብ። ብቁ ከሆንክ በዚያ በጀት የልጅህን የመሣሪያ ትምህርት እንዲሸፍኑ መጠየቅ ትችላለህ።

ስኮትላንድ ነፃ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ትምህርት በእያንዳንዱ የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል ለብቻው ነው የሚተዳደረው፣ ስለዚህ ለንደን ያለ ዘመድህ የነገረህ ግላስጎ ላንተ አይሠራም።

ስኮትላንድ 32 ካውንስሎች አሏት። ቀድሞ እያንዳንዱ እንደፈለገ ይወስን ነበር። ኤድንብራ አያስከፍልም ነበር። ኤድንብራን የሚያዋስነው ዌስት ሎዚያን በ2018 በዓመት 354 ፓውንድ ማስከፈል ጀመረ። ክላክማናንሻየር የሚባለው ትንሽ ካውንስል ደግሞ በዚያው ዓመት 524 ፓውንድ አደረሰው። ዌስት ሎዚያን ውስጥ ክፍያው በመጣ ጊዜ የሚማሩት ልጆች ቁጥር ክፉኛ ወረደ። ልጆቹ ሙዚቃ መውደድ አላቆሙም። ከአንድ መንገድ ማዶ ያለ ልጅ በነፃ ይማራል፣ ከወዲህ ያለው ቫዮሊኑን ይመልሳል።

ይሄ ነው ነገሩን የቀየረው። የስኮትላንድ ፓርላማ የትምህርት ኮሚቴ በ2019 ጥር ባወጣው ሪፖርት የመሣሪያ ትምህርት በመርህ ደረጃ ነፃ መሆን አለበት አለ። በ2021 የትምህርት ዘመን ሲከፈት መንግሥት ለካውንስሎች ወደ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቶ ክፍያው በሁሉም ቦታ ቀረ።

ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። ነፃ የሆነው በበጀት ስምምነት ነው፣ እንደ 1944ቱ በሕግ ክልከላ አይደለም። በጀት ደግሞ በየዓመቱ ድርድር ነው። ሁለተኛ፣ ክፍያ ስለቀረ የመምህራን ቁጥር አይጨምርም። ፈላጊው ሲበዛ ልጅ ተራ መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። ዌልስ በበኩሏ ከ2022 ጀምሮ ብሔራዊ የሙዚቃ አገልግሎት አቋቁማ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 13.5 ሚሊዮን ፓውንድ መድባለች።

ለሌለው ሰው ከተቀነሰ ችግሩ ምንድን ነው?

ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ምክንያታዊም ነው። ያለው ይክፈል፣ የሌለው ይማር። ምን ይጎድለዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ግልጽ መልስ የሰጠው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይመስለኛል። እዚያም ብዙ ወገኖቻችን አሉ። በ1978 ካሊፎርኒያ የንብረት ግብርን በሕዝብ ድምፅ ስትቀንስ የትምህርት ቤቶች በጀት ተጎዳ። የሳንታ ባርባራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ የሙዚቃ፣ የቲያትርና የስፖርት ተሳትፎ 25 ዶላር ማስከፈል ጀመሩ። ለሌለው ቤተሰብ ክፍያውን የሚተው አሠራርም ነበራቸው። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1984 ፍርድ ቤቱ ክፍያውን ሻረ። የግዛቷ ሕገ መንግሥት ትምህርት ነፃ ነው ይላል፣ ሙዚቃው የትምህርቱ አካል ነው፣ "ለድሃ እንተዋለን" ማለትም ክፍያውን ሕጋዊ አያደርገውም አለ። ነፃ ትምህርት የሁሉም ልጅ መብት ነው እንጂ ለድሃ የሚሰጥ ልዩ አስተያየት አይደለም ነው ነገሩ።

እኔ ይህን ሳነብ እድር ትዝ አለኝ። እድር ሁሉም አስቀድሞ ያዋጣል፣ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ ለሁሉም እኩል ይተከላል። "የሌለህ ከሆንክ ማስረጃ አምጣና ድንኳን እንትከልልህ" የሚባል ነገር የለም። ቢባል ኖሮ ስንቱ ሰው ከነሐዘኑ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር።

የሙዚቃ ቅናሹም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የሌለው ልጅ ተጠይቆ አልተከለከለም። እናቱ ናት ገቢዋን ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ማሳየት ከብዷት የተወችው። ወይም ቅናሽ መኖሩን አላወቀችም፣ እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራት አልደወለችም። ወይም ሁለት ሥራ ሠርታ ገቢዋ ከገደቡ በትንሽ አልፏል። ከሁሉም የሚከፋው ልጁ ራሱ የቤቱን ሁኔታ አውቆ ፎርሙን ቦርሳው ውስጥ ሲያስቀረው ነው። የእኛ ልጆች ይህን ያደርጋሉ። እንዲህ ያለው ልጅ በማንም ቁጥር ውስጥ አይገባም። አላመለከተምና።

ፎርሙ ሲመጣ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ወረቀቱ ክፍያ ነው የሚለው ወይስ የፈቃድ መዋጮ? ትምህርት ቤቶች ለጉዞና ለመሳሰለው የፈቃድ መዋጮ መጠየቅ ይችላሉ። ያልከፈለ ወላጅ ልጅ ግን በዚያ ምክንያት ከእንቅስቃሴው ሊቀር አይችልም፣ ግዴታ አለመሆኑንም ራሳቸው በግልጽ መናገር አለባቸው። የመሣሪያ ትምህርት ግን ከፈረምክ እውነተኛ ክፍያ ነው።

ከዚያ ደንቡን ጠይቅ። ቅናሽ አለ ወይ በል። በቡድን መማር ይቻል እንደሆነም ጠይቅ፣ ብዙ ቦታ ዋጋው በጣም ይወርዳል፣ ለጀማሪ ልጅ ደግሞ ከጓደኛ ጋር መማር ደስ ይላል። መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩል። ብዙ ትምህርት ቤትና የሙዚቃ ሃብ ያውሳል ወይም በርካሽ ያከራያል። መግዛት ካለብህም በትምህርት ቤቱ በኩል ስትገዛ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የማይከፈልበት አሠራር አለ፣ ልጁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ያንን መሣሪያ የሚማር ከሆነ።

ከመፈረምህ በፊት ማቆም ብፈልግ ስንት ሳምንት አስቀድሜ ልንገራችሁ ብለህ ጠይቅ። ብዙ ቦታ የግማሽ ተርም ወይም የሙሉ ተርም ማስጠንቀቂያ ይፈልጋሉ። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ሰልችቶኛል ቢል ሂሳቡ ይቀጥላል።

እንግሊዝኛ ካስቸገረህ በኢሜይል አንድ መስመር ይበቃል፦ የክፍያና የቅናሽ ደንባችሁን ላኩልኝ፣ ልጄ ለቅናሽ ብቁ መሆኗን ንገሩኝ። እኔ በሁለተኛው ዓመት የላክሁት ይህን ነው። ልጄ አሁን ከሁለት ልጆች ጋር ማክሰኞ ማክሰኞ ትማራለች፣ ቫዮሊኑም የትውሰት ነው።